ክረምቱን በብስክሌት

ሰኔ ሲገባ ብስክሌታቸውን አጥበው፣ በላስቲክ ሸፍነው፣ በረንዳ ላይ የሚያቆሙ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። እስከ መስከረም አይነኩትም። «ክረምት ነው» ይላሉ፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። የእኔ ሐሳብ ተቃራኒው ነው። አዲስ አበባ ላይ ከሰው ጋር ብስክሌት መንዳት የሚፈልግ ካለ፣ በክረምት ይጀምር እላለሁ።

እኔ የጀመርኩት ሐምሌ ላይ ነው። ሥራዬ ላብራቶሪ ውስጥ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ እውላለሁ። ከገርጂ ቦሌ በብስክሌት መመላለስ የጀመርኩት የታክሲ ሰልፍ ሰልችቶኝ ነበር። ብቻዬን ነበር የምነዳው። አንድ ቀን የኋላ ጎማዬ ተነፈሰና ሰፈራችን ያለው ጎሚስታ ጋ ወሰድኩት። ሰውየው የሚሠራው የመኪና ጎማ ነው፤ ብስክሌት ሲመጣለት ግን ፊቱ ይበራል። የውስጡን ጎማ ውሃ ውስጥ እየነከረ ቀዳዳውን ሲፈልግ፣ «ብቻሽን ነው እንዴ የምትነጂው እህቴ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

«እሁድ እሁድ መስቀል አደባባይ የሚሰበሰቡ አሉ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ። ሂጂ፣ ደግ ሰዎች ናቸው።»

የሄድኩበት እሁድ ካፊያ ነበረው። አደባባዩ ላይ የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው። በበጋ መንገዱ እስኪሞላ እንደሚመጡ በኋላ ነው የሰማሁት። ለእኔ ግን የጠቀመኝ ያ ማነስ ነው። ሁሉም ስሜን ጠየቁኝ። አንዱ ፍሬኔን ፈተሸ። አንዷ ትርፍ የዝናብ ጃኬቷን አውጥታ አለበሰችኝ። ቀስ ስል ቀስ አሉ፤ ዳገት ላይ ስቆም ቆሙ። በጥቅምት ብመጣ ኖሮ ከኋላ ተከትዬ፣ ከኋላ ተመልሼ፣ ማንንም ሳላውቅ ቤቴ እገባ ነበር።

ከመካከላቸው አንድ ጋሼ አሉ። በወጣትነታቸው ይወዳደሩ ነበር፤ ዛሬ የልጅ ልጅ አላቸው። ያን ቀን ከኪሳቸው ቁልፍ አወጡና ወንበሬን ከፍ አደረጉልኝ። «ጉልበትሽ ሙሉ በሙሉ እንዳይታጠፍ ነው ልጄ» አሉኝ። ከዚያ እስከ ዛሬ የምነዳበትን ምክር ሰጡኝ፦ «ከፊትሽ ያለውን ጎማ አትመልከቺ። እሱን ትተሽ ከሱ ወዲያ ያለውን መንገድ እዪ። ኩሬ ካየሽ ደግሞ ጉድጓድ ነው ብለሽ እመኚ።»

የመጨረሻዋ ነገር በክረምት ነፍስ ታተርፋለች። አስፋልቱ ላይ ውሃ ሲተኛ ሁሉም እኩል ይመስላል። ከሥሩ ግን ጥልቅ ጉድጓድ፣ የተሰበረ ኮብልስቶን፣ አንዳንዴም ክዳኑ የተነሳ የፍሳሽ ቱቦ ሊኖር ይችላል። ለዚህ ነው በቡድን ስንነዳ የምንጯጯኸው። ፊት ያለው «ጉድጓድ!» ይላል፤ ቃሉ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተቀባበለ እስከ መጨረሻው ይደርሳል። ኋላ ያለው «መኪና!» ይላል፤ ድምፁ ወደፊት ይሄዳል። እጅ ወደ ግራ ሲዘረጋ፣ ወደ ቀኝ ሲዘረጋ፣ ወደ መሬት ሲጠቁም ትርጉም አለው። ብቻዬን ስነዳ ሁሉንም ነገር የማየው እኔ ብቻ ነበርኩ። አሁን ብዙ ዓይን አለኝ።

ስለ ዝናቡም ልናገር፤ ሰው የሚፈራው እሱን ነውና። የአዲስ አበባ ክረምት ጠባዩ የታወቀ ነው። ብዙውን ጊዜ ጠዋት ላይ ሰማዩ ይከፈታል። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው እርጥቡ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ደመናው ይከመራል፤ ዶፉ የሚወርደው ከቀትር በኋላ ነው። ስለዚህ 12 ሰዓት ወጥቶ 5 ሰዓት ቤቱ የገባ ሰው ብዙ እሁድ ደረቅ ሆኖ ይመለሳል። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ ጠዋትም የማያባራበት ቀን አለ፤ በተለይ ሐምሌ አጋማሽ ላይ። ያን ቀን አጭር መንገድ እንመርጣለን። ነጎድጓድ ካለ ደግሞ አንወጣም። በዚህ ላይ ክርክር የለም።

በጣም የሚያንሸራትተው ደግሞ ሰው እንደሚያስበው ትልቁ ዝናብ አይደለም። ከደረቅ ቀናት በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ካፊያ ነው። መኪኖች አስፋልቱ ላይ ያንጠባጠቡትን ዘይት ያነሳዋል፤ አጥቦ ግን አይወስደውም። ነጩ የዜብራ ቀለም፣ የብረት ክዳን፣ የረጠበ ኮብልስቶን፣ እንጦጦ ላይ ደግሞ የወደቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል፤ እነዚህ ላይ መሪ አይጠመዘዝም፣ ፍሬን አይያዝም። ቀጥ ብሎ ማለፍ ነው። ጎማውንም ከበጋው ትንሽ ቀነስ አድርገን እንነፋዋለን፤ መሬቱን በደንብ እንዲይዝ።

የእኔ ዓይነት ፍሬን ቸርኬውን ግራና ቀኝ በጎማ ነው የሚይዘው። ቸርኬው ሲረጥብ ፍሬኑ መጀመሪያ ውሃውን ይጠርጋል፤ የሚይዘው ከዚያ በኋላ ነው። ያቺ ትንሽ መዘግየት ቁልቁለት ላይ ትልቅ ናት። ስለዚህ ማቆም ሳያስፈልገኝ ቀደም ብዬ ነካ ነካ አደርገዋለሁ። አሸዋ ስለሚገባበት የፍሬኑ ጎማ በክረምት ቶሎ ያልቃል። ሰንሰለቱም እንዲሁ ነው። ጭቃና ደቃቅ አሸዋ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል ማርሹን ይሞርደዋል። እኔ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሰንሰለቱን በነጭ ጋዝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጥባለሁ፤ በጨርቅ አደርቃለሁ፤ ከዚያ ዘይት ጠብ ጠብ አደርግበታለሁ። ላቫጆ ወስዶ በግፊት ውሃ ማስመታት ግን ብስክሌቱን መጉዳት ነው። ውሃው ኩሽኔታ ውስጥ ገብቶ ግራሶውን ያጥበዋል። ይህን የነገረኝ ያው ጎሚስታው ነው።

ፓራፋንጎ ግዙ። ዋጋው ትንሽ ነው። የኋላው ፓራፋንጎ የሚጠቅመው ለባለቤቱ ጀርባ ብቻ አይደለም፤ ከኋላው ለሚመጣው ሰው ፊት ነው። በክረምት የቡድን ጉዞ ፓራፋንጎ የሌለው ሰው ሳይቆጣ መጨረሻ ላይ ይሰለፋል። ይህ በቡድናችን የታወቀ ሕግ ነው፤ ፍትሐዊም ነው።

ከመንገዶቻችን ሁሉ እኔ የምወደው የጎጃምን መንገድ ነው። ከመስቀል አደባባይ ተነስተን፣ ፒያሳን አልፈን፣ በሰሜን ሆቴል ወደ አዲሱ ገበያ እንወጣለን። ከዚያ ዳገቱ ይጀምራል። መስቀል አደባባይ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ነው። የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ የጎጃም መንገድ ዝቅ ባለው አንገቱ በኩል ነው የሚሻገረው። በሐምሌ እዚያ ላይ ጉም አለ። ከፊት ያለው ሰው ጃኬት ቀለም ይጠፋና የኋላ መብራቱ ብቻ ይቀራል። መብራት የሌለው ሰው ከአዲሱ ገበያ በላይ አያልፍም። ትንፋሽ ያጥራል፤ ወሬ ይቆማል፤ የሚሰማው የሰንሰለት ድምፅ ነው። እኔ እዚያ ዳገት ላይ ሳምንቱን ሙሉ ትከሻዬ ላይ የተቀመጠው ነገር ሲወርድ ይሰማኛል። ሌላ ቦታ እንዲህ አይሰማኝም።

ከአናቱ በኋላ ሱሉልታ ይዘረጋል። ሜዳው በክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ ከብቶቹ እስከ ጉልበታቸው አረንጓዴ ውስጥ ናቸው። ሯጮችም አሉ፤ አትሌቶች የሚለማመዱበት አገር ነው። እኛን ሲያዩ እጃቸውን ያነሳሉ። እኛም እናነሳለን።

ብርዱ የሚመጣው በመመለሻው ቁልቁለት ላይ ነው። ሲወጡ ያላበው ልብስ ሲወርዱ በረዶ ይሆናል። ጋሼ አንድ ዘዴ አስተማሩኝ። አናቱ ላይ ቆም ይሉና ከቦርሳቸው ጋዜጣ ያወጣሉ፤ አጥፈው ከጃኬታቸው ሥር ደረታቸው ላይ ያደርጉታል። ነፋሱን ያቆመዋል። እግርን ደግሞ በካልሲና በጫማ መካከል ፌስታል ያድነዋል። ውድ ዕቃ ገዝቼ ሞክሬያለሁ፤ ፌስታሉ አይተናነስም።

እናቴ መጀመሪያ ላይ ይህን ሁሉ አልተቀበለችውም። «ላብሽ ሳይደርቅ ዝናብ ሲነካሽ ምች ይመታሻል» ትለኝ ነበር። ላብራቶሪ ውስጥ የምሠራ ልጇ የምትላትን ብላት አትሰማም። እኔም አልተከራከርኳትም። ከጉዞ ስመለስ በር ላይ ደረቅ ልብስ ይዛ ትጠብቀኛለች፤ ጋቢ ታለብሰኛለች፤ ዳማ ከሴውን ጨምቃ በሻይ ትሰጠኛለች። እጠጣለሁ። እርጥብ ልብስ ቶሎ መቀየር አለበት የሚለው ነገሯ ደግሞ ትክክል ነው፤ ለቡድኑም ነግሬያለሁ። አሁን ሁላችንም ደረቅ ቲሸርት በፌስታል ቋጥረን ነው የምንወጣው።

ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። ከእኛ ውስጥ የሚጾሙ ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ እስከ 9 ሰዓት እህል ውሃ አይቀምሱም። ባዶ ሆድ ዳገት መውጣት ቀልድ አይደለም። ስለዚህ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት መንገዱን እናሳጥራለን፤ በከተማው ውስጥ ለስለስ ያለ ዙር እናደርጋለን። የማይጾሙት ሙስሊም ጓደኞቻችንም አብረውን ያዘግማሉ። በረመዳን ደግሞ እኛ ለእነሱ እናዘግማለን። ማንም ሕግ ብሎ የጻፈው አይደለም። በሌላው ጊዜ ስንቃችን በሶ ነው። በውሃ የተበጠበጠ በሶ፣ ትንሽ ስኳር ካከሉበት፣ ሱሉልታ ደርሶ ይመልሳል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ መንገድ ዳር በቆሎ የሚጠብሱ እናቶች ሲወጡ ደግሞ መቆሚያ ሰበብ አናጣም። ከሰሉ ላይ እጅ ማሞቅም አለ።

ቡና ላይ ስንቀመጥ ጋሼ የሚያወሩት ስለ ሜልቦርን ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ነበር። ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ሄደዋል፤ እነ ገረመው ደንቦባ። በጎዳና ውድድር በቡድን ዘጠነኛ ወጡ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ አራት ዓመት በፊት ማለት ነው። ጋሼ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ይለወጣል። ወጣቶቹ ደግሞ ጽጋቡ ገብረማርያምን ያነሳሉ፤ የመቀሌው ልጅ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ይህ አገር ብስክሌት የማያውቅ አገር አይደለም። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ቡድኑን ከተቀላቀልኩ በኋላ መሆኑ ያሳዝነኛል፤ ትምህርት ቤት ልንማረው የሚገባ ነው።

ከተማውም እየተለወጠ ነው። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ መንገዶች ለመኪና ሲዘጉ ልጆች አስፋልት ላይ ብስክሌት ሲነዱ አየን። በ2016 የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ የብስክሌት መስመር አመጣ። ከመገናኛ ወደ ቦሌ ስሄድ ዛሬ በራሴ መስመር ነው የምሄደው። ለሥራ ቀን መንገዴ ትልቅ ለውጥ ነው። የቀረው ነገር መስመሩን ለብስክሌት መተው ነው። መኪና ሲቆምበት፣ ዕቃ ሲራገፍበት፣ ዝናብ እየዘነበ ከመስመሩ ወጥቼ ከአይሱዙ ጋር መጋፋት አለብኝ። እባካችሁ፣ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን አታቁሙበት።

ሴት ስለሆንኩ የሚጠይቁኝ አሉ። ከሚኒባስ መስኮት የሚወረወር ቃል አለ፣ አልዋሽም። ብቻዬን ስሆን ይበዛል፤ ከቡድኑ ጋር ስሆን የለም ማለት ይቻላል። በዚህ ሰኔ አንዲት ነርስ መጣች። እሷም ብቻዋን ነበር የምትነዳው። አሁን ሁለታችን ለሥራ ስንሄድ መገናኛ ላይ ተጠባብቀን አብረን እንወርዳለን። ለውጡ ለሁለታችንም ይታወቀናል።

መምጣት ለምትፈልጉ፦ እሁድ ንጋት 12 ሰዓት፣ መስቀል አደባባይ፣ ደረጃው ሥር። የውድድር ብስክሌት አያስፈልግም፤ ያላችሁን ይዛችሁ ኑ። ሄልሜት ግዴታ ነው። የኋላ መብራት፣ ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ደረቅ ቲሸርት በፌስታል። ፍሬናችሁን ቅዳሜ ማታ ፈትሹት፤ ካልያዘ ሳትወጡ ለእኔ ንገሩኝ፣ ጎሚስታው ጋ አብረን እንሄዳለን።