እሑድ ማታ፣ ሳልዋኝ

ዛሬ ገንዳው ድረስ ሄጄ መኪናው ውስጥ ቁጭ አልኩ። ሃምሳ ደቂቃ። ዝናቡ በመስታወቱ ላይ ሲወርድ አየሁ፣ የቀዘቀዘ ቡናዬን ጨረስኩ፣ ተመለስኩ። ቤት ስገባ ባለቤቴ «ዋና እንዴት ነበር?» አለኝ። «ጥሩ» አልኩት። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም።

የሲያትል ሚያዝያ እንዲህ ያደርጋል። ሰማዩ ሲጫጫን እኔንም ይጫጫነኛል።

ደግሞ ማን አስገደደኝ? መስከረም ላይ ግማሽ አይረንማን የሚባለውን የሦስት ስፖርት ውድድር ልወዳደር ተመዝግቤያለሁ። 1.9 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 90 ኪሎ ሜትር ሳይክል፣ ከዚያ 21.1 ኪሎ ሜትር ሩጫ። ከአዲስ አበባ በሳይክል ተነስቶ አዳማ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀር ወርዶ መሮጥ እንደማለት ነው፤ ያውም ዋኝቶ። ሙሉውን አይረንማን እ.ኤ.አ. በ1978 ሃዋይ ላይ የጀመሩት 15 ሰዎች ነበሩ። 12ቱ ጨረሱ። እኔን የሚያሳስቡኝ ሦስቱ ናቸው። ቤት ሲገቡ ምን አሉ? «ጥሩ ነበር» ብለው ይሆን?

እማዬ እስካሁን ነገሩ አልገባትም።

«ሽልማቱ ስንት ነው?» አለችኝ አንድ ቀን።

«ሽልማት የለውም እማዬ። እኔ ነኝ የምከፍለው።»

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«ከፍለሽ ነው እንዲህ የምትለፊው?»

«አዎ።»

«በይ እሺ። ብቻ ውኃውን ተይው።»

ሩጫው አያሳስባትም። የሥራ ጓደኞቼም ኢትዮጵያዊት ስለሆንኩ ሩጫ በደሜ ያለ ይመስላቸዋል። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሆዴን አመመኝ እያልኩ ጥላ ሥር የምቀመጥ ልጅ እንደነበርኩ ማን ይንገራቸው? ሳይክሉም ቢሆን ይለመዳል። በሶ በማር በጥብጬ በኮዳ ይዤ እሄዳለሁ፤ ከሚሸጡት የኃይል ሰጪ ጄሎች ይልቅ ሆዴ የሚቀበለው እሱን ነው። ከሳይክል ወርጄ ልሮጥ ስል ብቻ እግሬ የተዋስኩት ይመስለኛል።

ውኃው ግን ሌላ ነው። ገንዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ 25 ያርድ ነው፤ 23 ሜትር ገደማ። 1.9 ኪሎ ሜትር ለመሙላት 83 ጊዜ ያህል ማቋረጥ አለብኝ። ሳላቆም የምችለው 24 ነው። 24ኛው ደግሞ ዋና ሳይሆን ልመና ነው። በ1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ካልጨረስኩ ከውድድሩ ያስወጡኛል። ቦታውም ገንዳ አይደለም፣ ሐይቅ ነው። መስመር የለው፣ ይዘውት የሚያርፉበት ጠርዝ የለው። ግንቦት ላይ ሌክ ዋሽንግተን ውስጥ መለማመድ እንጀምራለን ተብሏል። ዌትሱቱ፣ ወፍራሙ የጎማ ዋና ልብስ፣ ያንሳፍፋል ይሉኛል። ልብን አያንሳፍፍም።

አሠልጣኟ «ትንፋሽሽን ውኃ ውስጥ አውጪው» ትለኛለች። ሰምቻለሁ። ፊቴ ውኃ ሲነካ ግን ትንፋሼን ይዤ እቀራለሁ፤ ልክ ሰው ሊቆጣኝ እንደሆነ ሁሉ።

ያደግነው ቀበና ወንዝ አጠገብ ነው። ክረምት ላይ ሲሞላ ድምፁ ቤት ድረስ ይመጣል። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ትል ነበር እማዬ። ወንድሜ ግን በበጋ ከሰፈር ልጆች ጋር እየተደበቀ ይዋኝ ነበር። ፀጉሩን ፀሐይ ላይ አድርቆ፣ ደብተሩን በብብቱ ይዞ፣ ከትምህርት ቤት የመጣ መስሎ ይገባል። እማዬ ምንም አትጠይቀውም። «ና እስቲ» ብላ እጅጌውን ትሰበስብና ክንዱን በጥፍሯ ጫር ታደርገዋለች። ነጭ መስመር ከወጣ አለቀለት። ወንዝ የገባ ቆዳ ደርቆ ያሳብቃል። አንድ ቀን ብልጥ ሆኖ ቫዝሊን ተቀብቶ መጣ። ያን ቀን ሳትጭረው ነው የገረፈችው። «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ቅባት የወደድከው?» እያለች።

እኔን ጭራኝ አታውቅም። የልብስ ጠባቂ ነበርኩ። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ሱሪና ሸሚዛቸውን አቅፌ እጠብቃለሁ፤ ዝም ለማለቴም ከረሜላ ይሰጠኛል። ለካ ዛሬም ያንኑ ሥራ ነው የሠራሁት። ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ የዋና ልብሴን አቅፌ ነበር። ከረሜላ ግን የሰጠኝ የለም።

ቆይ ግን። እማዬ ይህን የጥፍር ነገር ከማን ተማረችው? ያደገችው ባሕር ዳር ነው፤ ጣና አፍንጫዋ ሥር። የልጅነቷን ስታወራ ዓሣው አለ፣ ታንኳው አለ፣ ውኃው ውስጥ የገባ ልጅ ግን አንድም የለም። ቫዝሊኑንስ እንዴት ወዲያው ነቃችበት? እንዲህ ያለውን ተንኮል የሚያውቀው ወይ የያዘ ነው ወይ የተያዘ። ስንት ዓመት ሙሉ ይህን አለመጠየቄ!

ልደውል ብዬ ስልኩን አነሳሁ። እዚያ ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ይሆናል። ደግሞ ስታነሳው መጀመሪያ «ውኃውን ተውሽው?» ማለቷ አይቀርም። ዛሬ ከሆነ ሳልዋሽ «አዎ» ማለት እችል ነበር።

ስልኩን አስቀመጥኩት። ነገ እደውላለሁ። ነገ ደግሞ የዋና ቀን ነው።