በኪሎ ሜትር ስንት ታስቡልኛላችሁ?

ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ ማራቶን ልሮጥ መሆኔን ስነግራት እትዬ መጀመሪያ ያየችው ሆዴን ነው። ቀጥላ ፊቴን።

«አንተ ስለሮጥክ ካንሰር ይሸሻል?»

መልስ አልነበረኝም። የመመዝገቢያውን ከፍያለሁ፣ ገንዘቡ ደግሞ አይመለስም። በዚያች ሰዓት ያለኝ ምክንያት ይኸው ነበር።

እትዬ የጡት ካንሰር እንዳለባት ከታወቀ ሦስት ዓመት አለፈው። ቀዶ ጥገናው፣ ኬሞው፣ ጨረሩ ሁሉ አልቋል። የቀረው ክኒን ነው፤ ታሞክሲፈን። ነጭ፣ ከሸሚዝ ቁልፍ የማይበልጥ ነገር። በቀን አንድ፣ ለአምስት ዓመት። ማታ ስትውጠው ካለሁ ውሃ የማቀብላት እኔ ነኝ። ክኒኑ ድንገት ድንገት ሙቀት እየለቀቀባት ማራገቢያ ከእጇ አይለይም።

ስለዚህ ክኒን ሳነብ አንድ ነገር አስገረመኝ። በ1960ዎቹ ሲሠራ ለእርግዝና መከላከያ ታስቦ ነበር። ሴቶች ላይ ሲሞከር ጭራሽ እንቁላል እንዲወጣ የሚያግዝ ሆኖ አረፈው! በተቀጠረበት ሥራ የወደቀ መድኃኒት ማለት ነው። ግን ነገሩን ያልተዉት ሰዎች ነበሩ። ኢስትሮጅን የሚባለው የሴቶች ሆርሞን የጡት ካንሰር ሕዋስ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ክኒኑ ቀድሞ እንደሚይዝበት ተረዱ። ይኸው ዛሬ እትዬ ትውጠዋለች። ይህንን ስነግራት «የእርግዝና መከላከያ? በ53 ዓመቴ?» ብላ እስክታስላት ሳቀች።

የሥራ ባልደረቦቼ «ለምን ለታማሚዎች በቀጥታ አትሰጥም?» ሲሉኝ የነገርኳቸው ይህንኑ ነው። ጥያቄያቸው ልክ ነው፤ ለታማሚ የሚሰጥም ያስፈልጋል። እኔ ግን ያ የወደቀ ክኒን ከቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ሳይነሳ ስንት ደመወዝ፣ ስንት ዓመት እንደፈጀ እያሰብኩ ምርምሩን መረጥኩ።

መሮጡ አንድ ነገር ነው፣ መለመኑ ሌላ። ደብተር ገዛሁና ሁለት ዓምድ አሰመርኩ፤ ስምና ለሮጥኩት ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የሚከፈል። መዝገብ ቤት ስለምሠራ ማስመር አይከብደኝም። በሳምንቱ ኮሪደር ላይ ሲያዩኝ ስልክ ጆሮአቸው ላይ የሚለጥፉ ሰዎች በዙ። አልፈረድኩባቸውም፣ እኔም ብሆን አደርገው ነበር። የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ ግን ከት ብሎ ስቆ «ከ30 በኋላ ላለው እጥፍ ጻፍልኝ» አለ። 30 እንደማልደርስ እርግጠኛ ነበር። ስሙን በቀይ አሰመርኩበት።

ሦስተኛው ዓምድ ያልታሰበ ነው። ሰዎች ገንዘቡን ጽፈው ጠርዙ ላይ ሌላ ነገር መጨመር ጀመሩ። «ለአባዬ፣ ጨጓራ»። «ለባለቤቴ»። ግዢ ክፍል ውስጥ በ11 ዓመት ከደረሰኝ በቀር ስለ ሌላ ነገር አውርቶኝ የማያውቅ ሰው አለ። ደብተሩን ተቀበለኝ፣ ጻፈ፣ ዘግቶ መለሰልኝ። ቢሮዬ ገብቼ ስከፍተው «ለልጄ» ይላል። እንዳለው እንኳ አላውቅም ነበር።

ለካንሰር ምርምር መሮጥ ሲነሳ ካናዳዊው ቴሪ ፎክስ አብሮ ይነሳል። በአጥንት ካንሰር ቀኝ እግሩን አጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በሰው ሠራሽ እግር አገሩን ሊያቋርጥ ተነሳ። በቀን አንድ ማራቶን ያህል እየሮጠ 143 ቀን፣ 5,373 ኪሎ ሜትር ሄደ። ያቆመው ካንሰሩ ሳንባው ውስጥ ስለተገኘ ነው። በዓመቱ፣ በ22 ዓመቱ ሞተ። ከመሞቱ በፊት ግን ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሰብሰቡን አይቷል። ስንፍና በያዘኝ ጠዋት እሱን ለማሰብ ሞክሬ ነበር። አልሠራልኝም። ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር ራስን ማወዳደር ያሳፍራል እንጂ ከአልጋ አያስነሳም። እኔን ያስነሳኝ የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ ነው።

የሩጫው ቀን ቫዝሊን መቀባት ረሳሁ። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ በላብ የራሰ ቲሸርት ለሰዓታት ደረት ላይ ሲፈገፍግ የወንድን ጡት ጫፍ ያደማል። 25ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቲሸርቴ ላይ «ለካንሰር ምርምር» ከሚለው ጽሑፍ በላይ ሁለት ቀይ መስመር ወርዶ ነበር። ተመልካቹ ደንግጦ ያጨበጭብልኛል። አንዲት ሴትዮ «ወይኔ፣ እሱ ራሱ ታሟል!» ስትል ሰማሁ። ለማስረዳት ትንፋሽ አልነበረኝም።

30ን አለፍኩ፤ ሒሳቡ እጥፍ ሆነ። 34 ላይ ሯጮች ግድግዳ የሚሉት መጣ። ሰውነት ያከማቸው ስኳር ሲሟጠጥ የሚሆነው ነው። ጭኔ እንጨት ሆነ። መራመድ ጀመርኩ። አእምሮዬ ከዚህ ሁሉ መሀል መርጦ የያዘው አንድ ጭንቀት ብቻ ነበር፤ የተራመድኩት ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም?

38 ላይ እትዬ ቆማለች። ከኬሞው ወዲህ እግሯ ስለሚደነዝዝ ወንበር ይዛ ነበር የመጣችው፤ ወንበሩ ግን እንደታጠፈ አጠገቧ ተደግፏል። አብራኝ ጥቂት ተራመደች። በዚያ ማራገቢያዋ አንገቴን እያራገበች።

«እህ፣ ካንሰሩ ሸሸ?»

«ቀስ እያለ ነው።»

«እንዳንተው» አለችኝ።

በ5 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ጨረስኩ። ሰኞ ጠዋት የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ ካልኩሌተር አወጣ። የመጨረሻዋን 195 ሜትር ሳይቀር በእጥፍ አስልቶ ከፈለ፤ ደረሰኝም ጠየቀ። የግዢ ክፍሉ ሰው ብሩን በፖስታ አድርጎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦልኝ ሄዷል።

ገንዘቡን ሁሉ አስረክቤያለሁ። ደብተሩ ውስጥ ያልተከፈለ አንድ መስመር ብቻ አለ። የእትዬ ነው። «ክኒኑን ስጨርስ እከፍላለሁ» ብላለች።