ተራ ቁጥር 14

ደብረ ማርቆስ ሥራ ከጀመርኩ ገና ስምንት ወሬ ነበር። ሥራዬ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለሐራጅ የሚቀርብ ንብረት መመዝገብ ነው። ዕቃው ይመጣል፣ እቆጥራለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ግምት ይወጣለታል፣ ማስታወቂያ ይለጠፋል። የለመድኩት የወፍጮ ሞተር፣ ቆርቆሮና ባጃጅ ነው። እነሱ አያስቸግሩም። ሞተር ሞተር ነው፤ ቁጥሩ ላዩ ላይ አለ።

አንድ ቀን ከጮቄ ግርጌ የውርስ ዕቃ መጣ። ሟቹ ሽማግሌ አምስት ልጆች ትተው ነው ያለፉት። ልጆቹ መሬቱንና ከብቱን በሽምግልና ተካፍለዋል። በአባታቸው ሳጥን ውስጥ ባለው ዕቃ ግን መስማማት አቃታቸው። በተለይ ታላቅ ወንድማቸው «ይሸጥና ድርሻዬን ስጡኝ» ብሎ ድርቅ አለ። በመጨረሻ ዕቃው ተሸጦ ገንዘቡን እንዲካፈሉ ተወሰነ።

ሳጥኑን ከፍቼ ዕቃውን አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩት። ዝናር፣ የቀንድ ዋንጫዎች፣ የፈረስ ልጓም፣ በጠፍር የታሰሩ ቁልፎች። ከሥር በጨርቅ የተጠቀለለ የኪስ ሰዓት።

ሰዓቱ ጠቁሯል። አናቱ ላይ ማንጠልጠያ ቀለበት አለው እንጂ የሚሞላበት ጉብታ የለውም። ነቀነቅኩት። ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። ዝም ነው። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ተራ ቁጥር 14፣ አሮጌ የኪስ ሰዓት፣ መሙያው የወለቀ፣ የማይሠራ።» ቁልፎቹን ደግሞ ቆጠርኩና «ተራ ቁጥር 31፣ ልዩ ልዩ ቁልፎች፣ 7» አልኩ። ጠፍሩን ፈትቼ በፖስታ አሸግኳቸው።

ከዚያ አንጥረኛ ዘንድ ወሰድኩት። ሰውየው በሚዛኑ አንድ ወገን ሰዓቱን፣ በሌላው ወገን አራት ጠገራ ብር አስቀመጠ። እኩል ሆነ። አንዱ ማርትሬዛ 28 ግራም ነው፤ ሰዓቱ 112 ግራም መሆኑ ነው። በዚህ ላይ የብርን ዋጋ አባዝቼ ግምት አወጣሁ። ሆዱ ውስጥ ያለው ማሽን ናስና ብረት መሆኑ ትዝ አላለኝም።

እዚህ ላይ ብቆም ጥሩ ነበር። አልቆምኩም። ገዢ እንዲወደው ብዬ ማታ ቤት ቁጭ ብዬ በጥርስ ሳሙናና በጨርቅ አሸሁት። ፊቱ ጠራ። ጀርባው ላይ ግን አልለቅ ያሉ ጥቋቁር ጭረቶች ነበሩ። ስስ የብርጭቆ ወረቀት አመጣሁ። ቀስ እያልኩ፣ እየተጠነቀቅኩ ፋቅኩት። ጥሩ ነገር የምሠራ ነበር የመሰለኝ። መሸብኝና ጥግ ላይ ያሉትን ተውኳቸው።

በማግስቱ የግምት ኮሚቴው «አይሠራም ያልከውን ባለሙያ አይቶታል?» ብሎ ጠየቀኝ። አላየውም። ገበያው አጠገብ በረንዳ ላይ ወደሚሠሩ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ሄድኩ። አርባ ዓመት ያህል እዚያው የተቀመጡ ሰው ናቸው። ሰዓቱን ተቀበሉኝ፣ ገለበጡት፣ ጀርባውን አዩት።

«ማን ነው ይህን የፋቀው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። እንዲያምር ብዬ ነው።»

ምንም አልመለሱልኝም። በአውራ ጣታቸው ጥፍር የኋላ ክዳኑን ጠቅ አደረጉት፤ ተከፈተ። እኔ የሚከፈት መሆኑንም አላወቅኩም ነበር። ከሥሩ ሌላ ክዳን አለ፤ እሱ ላይ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች። አጉሊ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ክዳኑን ወደ ፀሐይ አዘነበሉትና «ና እይ» አሉኝ። የጤፍ ፍሬ የምታክል ድብ ተቀርጻለች። አጠገቧ 0.875 የሚል ቁጥር አለ።

ድቧ የስዊዘርላንድ መንግሥት ማኅተም ናት። ከሺህ እጅ 875ቱ ንጹሕ ብር ነው ማለት ነው። ለ800 ንጥረት ደግሞ ሌላ ምልክት አላቸው፤ የዱር ወፍ። የእኛ ማርትሬዛ 833 ነው። ስለዚህ አንጥረኛው ሚዛን ላይ በክብደት እኩል የሆኑት በንጥረት እኩል አልነበሩም።

«መሙያው ወልቋል ብለህ ጻፍክ?» አሉኝ ሽማግሌው።

«አዎ ጋሼ።»

«አልወለቀም፤ ድሮም የለውም። ይሄ በቁልፍ የሚሞላ ነው። በአንደኛዋ ቀዳዳ ትሞላዋለህ፤ በሁለተኛዋ ቆጣሪዎቹን ታስተካክላለህ። በቀን አንዴ ከሞላኸው ይበቃዋል። ቁልፉ የት አለ?»

በላብ ተጠመቅኩ። ተራ ቁጥር 31። ከሰባቱ አንዷ የጣት አንጓ የማታክል፣ ጫፏ ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያላት ነበረች። የትንሽ ሳጥን ቁልፍ ናት ብዬ ነበር ያለፍኳት። እየሮጥኩ ቢሮ ሄድኩ። ፖስታውን በምስክር ፊት ከፍቼ፣ ፈርሜ፣ ይዣት ተመለስኩ።

እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ቁልፏ ቀዳዳው ውስጥ ስትገባ ግን ዝንፍ አላለችም። ቀስ ብለው አዞሯት። ጥርሱ ክር፣ ክር፣ ክር አለ። ከዚያ ጆሮዬ ላይ አስጠጉልኝ። የጫጩት ደረት ላይ እጅ ሲያደርጉ የሚሰማውን ነገር ታውቁታላችሁ? እንደዚያ ነው። ያ «የማይሠራ» ያልኩት ሰዓት ይመታ ነበር።

ይህን ነገር አሁንም ሳስበው ይከብደኛል። ማስታወቂያው እንዳለ ቢወጣ ሰዓቱን አንዱ፣ ቁልፎቹን ሌላው ይገዛ ነበር። ቁልፎቹ ለቁራሌ ይሄዱ ነበር። እርግጥ እነዚህ ቁልፎች በቁጥር የተለዩ መጠኖች አሏቸው፤ ፈልጎ ለሚያገኝ ሰው ሌላ ይገኛል። ግን ደብረ ማርቆስ ላይ ከየት ይመጣል? ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ አንድ ላይ የኖረውን ነገር እኔ በአንድ ቀን፣ በሁለት መስመር ጽሑፍ ልለያየው ነበር።

መዝገቡን አስተካከልኩ። ሰዓትና ቁልፍ አንድ ተራ ቁጥር ሆኑ፤ የብሩ ንጥረት ተጻፈ፤ ክብደቱም የሰዓቱ ሙሉ ክብደት እንጂ የብሩ አለመሆኑ ተገለጸ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ስላለ፣ ለባህል ጽሕፈት ቤቱም ደብዳቤ ጽፈን እስኪያዩት ጠበቅን። የሚያግድ ነገር የለም ተባልን።

በዚህ መሃል አንድ ፈተና መጣ። ከወንድሞቹ አንዱ «ይህ ሰዓት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ለቅድመ አያታችን የሰጡት ነው» አለ። ኮሚቴው ውስጥ ያለ አንድ ሰው ዓይኑ በራ። «ይህን ከጻፍን ዋጋው ሦስት እጥፍ ይሆናል» አለ። ነገሩ የማይመስልም አልነበረም። ራስ አዳል ተሰማ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የነገሡት በ1873 ዓ.ም. ነው። ስዊዞች ድቧን ያመጡበትን ሕግ ያወጡትም በዚያው ዓመት ነው። ዘመኑ ይገጥማል፤ እኔም ልቤ ወደዚያ አዘነበለ። ሽማግሌውን ሄጄ ጠየቅኳቸው።

«ድቧ ሰዓቱ ከዚያ ወዲህ መሠራቱን ትናገራለች» አሉኝ። «ማን ለማን እንደሰጠው አትናገርም። አንተም አትናገር።»

አልጻፍነውም። ደስ የሚለኝ ውሳኔ ይህ ብቻ ነው።

ዕቃው ለሕዝብ በሚታይበት ቀን የሟች ሴት ልጅ መጣች። ከእኔ በብዙ ትበልጣለች፤ እትዬ እያልኩ ነው የማናግራት። ሰዓቱን አነሳች። ፊቱን አላየችም። ገልብጣ ጀርባውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ቆየች።

«ፊደሎቹስ?» አለችኝ።

«የቱ ፊደሎች፣ እትዬ?»

አባቷ ልጅ በተወለደ ቁጥር በወስፌ ጫፍ የልጁን ስም የመጀመሪያ ፊደል ጀርባው ላይ ይጭሩ ነበር። አምስት ልጅ፣ አምስት ፊደል። ዓመታት እያጠቆሯቸው ነው በደንብ የሚነበቡት። እኔ ቆሻሻ ያልኳቸው ጭረቶች እነሱ ነበሩ። ጥግ ላይ ሁለት ቀርተዋል፤ መሽቶብኝ የተውኳቸው። ሦስቱ የሉም።

ነገርኳት። መደበቅ አልቻልኩም። «እኔ ነኝ የፋቅኩት፤ አላወቅኩም፤ ይቅር በይኝ እትዬ» አልኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ከዚያ «አንተ ምን ታውቃለህ ልጄ፤ እኛም ሰው አልነገርንም» አለች። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ለኃላፊዬ በጽሑፍ አሳወቅኩ፤ በመዝገቡም ላይ «ጀርባው ላይ የነበረ ጽሑፍ በመዝጋቢው ስሕተት በከፊል ጠፍቷል» ብዬ በእጄ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ዕቃ እንደመጣ ከነአቧራው ፎቶ ይነሳል፤ ቤተሰቡ ተጠይቆ የሚናገረው ይጻፋል፤ ጨርቅ አይነካውም።

የሐራጁ ቀን ከባሕር ዳር የመጣ አንድ ነጋዴ እስከ 9,000 ብር ድረስ ተጫረተ። እሷ 9,500 ስትል እጁን አወረደ። ከድርሻዋ ላይ ተቀናነሰላት። ርክክቡን «የኪስ ሰዓት 1፣ ከነቁልፉ» ብዬ ሞላሁ፤ ፈረመች።

ቁልፏን አገባችና እዚያው ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆማ ሞላችው። ይሸጥልኝ ያለው ታላቅ ወንድሟ በር ላይ ቆሞ ነበር። ድምፁን ሲሰማ ጠጋ አለ። ምንም ሳትል ሰጠችው። ገለበጠውና መሃሉን በአውራ ጣቱ ጥፍር ዳሰሰው። ደጋግሞ ዳሰሰው። የእሱ ፊደል ከፋቅኳቸው ከሦስቱ አንዷ ነበረች።