ቀለል ያለ ዮጋ፣ ከዚያ ማሳጅ

ዛሬ ኮምፒውተር ላይ ተደፍቼ ስለዋልኩ ትከሻዬ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ማታ ቀለል ያለ ዮጋ ሠራሁ። ላብ የለ፣ መተጣጠፍ የለ። ተንበርክኮ ግንባርን መሬት ማስነካት፣ በጀርባ ተኝቶ እግርን ግድግዳ ላይ መስቀል፣ በቃ። ዋናው ትንፋሹ ነው። አየር ስናስወጣ የልብ ምት ትንሽ ዝግ ይላል። አወጣጡን ስናረዝመው ደግሞ ሰውነትን የሚያረጋጋው የነርቭ ክፍል ይበረታል።

ከዚያ እህቴ አንገትና ትከሻዬን አሸችልኝ። (ክፍያው ዕቃ ማጠብ ነው፤ ተስማምተናል!) ማሳጅ "መርዝ ያስወጣል" የሚሉት ነገር አይዋጥልኝም፤ እሱ የጉበትና የኩላሊት ሥራ ነው። የተወጠረ ጡንቻን ማላላቱ ግን አይካድም። እንቅልፌም ገና ከአሁኑ መጥቷል።

ብቻ አንድ እግራችሁ ድንገት አብጦ ካመማችሁ እንዳታሳሹት። የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ቀድማችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።