«አድማጭ አይገባውም»

ኤፍኤም ጣቢያ የሠራ ሰው ይህችን አባባል ሳይሰማ አይቀርም። እኔን የከነከነችኝ ግን ስለ አንድ አልበም የተነገረችው ናት።

አልበሙ አሜሪካዊው ትራምፔት ነፊ ጆን ሃሴልና እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ብሪያን ኢኖ እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጡት «ፎርዝ ወርልድ 1፦ ፖሲብል ሚዩዚክስ» ነው። ሃሴል ትራምፔቱን በኤሌክትሮኒክስ እያሳለፈ ትራምፔትነቱ እስኪጠፋ ይለውጠዋል። ከሥር ደግሞ ብራዚላዊው ናና ቫስኮንሴሎስና ሴኔጋላዊው አይብ ዲዬንግ ኮንጋ የሚባለውን ከበሮና ጋታም የሚባለውን የምት መሣሪያ በእጃቸው ይመታሉ። ዜማው አየር ላይ ሲንሳፈፍ ምቱ መሬት ይዞ ይሄዳል። ከሥራዎቹ የአንዱ ርዕስ በዲግሪ የተጻፈ የካርታ ነጥብ ነው፤ ቦታው ከካርቱም በስተደቡብ፣ ጎረቤታችን። እንዲህ ያለ ሙዚቃ ሌሊት ለሚያድር ሰው እንደሚስማማ ስላመንኩ ለፕሮግራሜ መረጥኩት።

ኃላፊዬ ዝርዝሩን አየና የአልበሙ የመጨረሻ ሥራ ላይ ቆመ።

«ሃያ አንድ ደቂቃ? ማስታወቂያው የት ይግባ?»

«ከፊቱና ከኋላው።»

«ተው እባክህ! ኮምፒውተር ሲያጉረመርም ማን ያድራል? አድማጭ አይገባውም።»

ሌላም ችግር ነበር። የጣቢያው የድምፅ ማስተካከያ መሣሪያ፣ ፕሮሰሰሩ፣ የተስተካከለው ለቀን ዘፈን ነው፤ ዝቅ ያለውን ድምፅ ያነሳል፣ ከፍ ያለውን ይጨፈልቃል። በእጅ የሚመታ ነገር እዚያ ውስጥ ሲያልፍ መጀመሪያ የሚጠፋው ጣት ቆዳውን ወይም ሸክላውን የሚነካባት ቅጽበት ናት፤ የሚተርፈው ተነፍቶ የሚወጣው ጭራው ብቻ ነው። ይህን አልበም እንደዚያ አድርጎ ከማሰማት አለማሰማት ይሻላል። ተረኛው ቴክኒሻን ነገሩ የገባው ልጅ ስለነበር ለስለስ ያለውን ፕሪሴት፣ ማለትም ቀድሞ የተዘጋጀ ማስተካከያ፣ ጫነልኝ። ድምፃችን ከሌሎቹ ጣቢያዎች ዝቅ አለ፤ ምቱ ግን ተነፈሰ።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ አልበሙን እያሰማሁ ስልኩ በራ።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?»

«ስሜ ይቅር ልጄ። ከሳሪስ ነው። ይሄ የሚመታው ገንቦ ነው አይደል?»

ጋታም የደቡብ ሕንድ የሸክላ ገንቦ ነው። መቺው የገንቦውን አፍ ሆዱ ላይ እያስጠጋና እያራቀ ድምፁን ይቀያይረዋል። እኔ ይህን ያወቅሁት አንብቤ ነው።

«እንዴት አወቁ እናቴ?»

«ገንቦ ስገዛ በጣቴ መትቼ ነዋ! ደህናው ይጮሃል፣ የተሰነጠቀው ይታወቃል። ይሄኛው ደህና ነው። ደግሞ አፉን ሲከድኑት ይወፍራል፤ ስማው እስቲ፣ አሁን ከደነው።»

የጆሮ ማዳመጫዬን ጠበቅ አድርጌ ሰማሁ። እውነታቸውን ነበር። እኔ ስንት ጊዜ የሰማሁት አልበም ላይ፣ ያችን የመወፈር ቅጽበት በስልክ ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው።

«ሌላውስ ድምፅ እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«እሱ ይንጫጫል፤ ግን ገንቦውን አይጫነውም። አታቋርጠው።»

አላቋረጥኩትም፤ ሃያ አንዱም ደቂቃ አለፈ።

በማግስቱ ኃላፊዬ የጠራኝ ድምፃችን ለምን እንዳነሰ ሊጠይቀኝ ነበር። ስለ ሴትየዋ ነገርኩት። «አንድ ሰው ደወለ ማለት አድማጭ አለ ማለት አይደለም» አለኝ። በቁጥር ከሄድን ልክ ነው፤ ሌላ የደወለ የለም። ነገር ግን እሱ «አይገባውም» ያለው አድማጭ፣ እሱ ኮምፒውተር ያለውን ድምፅ ሸክላ መሆኑን ለይቶ፣ ስንጥቅ እንደሌለበትም ጨምሮ ነግሮናል። ይህን ስለው ዝም አለ።

ፕሪሴቱ ወደ ቀድሞው ተመለሰ፤ ትንሽ ቆይቶ የኔም ሰዓት ለድጋሚ ስርጭት ተሰጠ። ዛሬ የምሠራው ኤዲቲንግ ላይ ነው። በእጅ የተመታ ነገር ሲመጣልኝ ከፍ ያለውን ድምፅ የሚጨፈልቀውን ኮምፕረሰር የምነካው ከሁሉም በኋላ ነው። ፋይሉንም የምዘጋው አጠገቤ ያለውን ሰው «ጣቱ ይሰማሃል?» ብዬ ጠይቄ ነው፤ ካልተሰማው እንደገና እከፍተዋለሁ።