ከ30 በፊት 29 አለ

ደብረ ብርሃን ላይ የኅዳር ውርጭ ሲጀምር ማታ ማታ ከምድጃ ዳር የሚለይ የለም፤ የሃይማኖት ክርክርም የሚሞቀው ያኔ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የእህቴ ልጅ ቆሎ እየቆረጠመ፣ «ጋሼ፣ ጌታችን በራሱ አንደበት ‹አምላክ ነኝ፤ አምልኩኝ› ያለው የት ላይ ነው? ጓደኛዬ ጠይቆኝ መልስ አጣሁ» አለኝ። ዓመታት በሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማርኩ ሰው ነኝና ኮራ ብዬ ጥቅሶች ደረደርኩለት። እሱ ግን ለእያንዳንዱ ሌላ ፍች አያጣም። በሦስተኛው ማታ ተቆጣሁ፤ ቁጣዬም አለማወቄን አሳበቀብኝ።

ጥቅሶቹን የጻፍኩበትን ወረቀት ይዤ አንድ የሐዲስ ኪዳን ትርጓሜ መምህር ዘንድ ሄድኩ። የኔታ የዮሐንስ ወንጌል 10፥30ን አዩና፣ «ልጄ፣ ከ30 በፊት 29 አለ፤ ከኋላውም 31። አንተ 30ን ብቻዋን ምን አድርጋ አስወጣሃት?» አሉኝ። አፈርኩ። ቤቴ ገብቼ ምዕራፉን ሙሉውን ሳነብ፣ ጌታችን «እኔና አብ አንድ ነን» ሲላቸው አይሁድ ድንጋይ አንሥተዋል፤ ምክንያታቸውንም ራሳቸው ተናግረዋል፦ ሰው ሆነህ ሳለ ራስህን አምላክ ታደርጋለህ። ለካ ምስክሩ ከተቃዋሚዎቹ አፍም ይገኛል። ማርቆስ 2 ላይ ሽባውን «ኃጢአትህ ተሰረየችልህ» ሲለው ጸሐፍት ያጉረመረሙትም ከእግዚአብሔር በቀር ይህን ማን ይችላል ብለው ነው። እሱም «ተሳስታችኋል፤ ሌላም ይችላል» አላላቸውም፤ ሽባውን አልጋውን አሸክሞ ሰደደው።

«አምልኩኝ» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከማነጻጸር መጣ። ቆርኔሌዎስ እግሩ ላይ ሲወድቅ ጴጥሮስ «ተነሣ፤ እኔም ሰው ነኝ» አለው። በራእይ 19 መልአኩ ዮሐንስን እንዳይሰግድለት ከለከለው። ቶማስ ግን «እግዚእየ ወአምላኪየ» (ጌታዬ አምላኬም) ሲል ኢየሱስ ተቀበለው እንጂ አላረመውም። ይህን ሳነብለት የእህቴ ልጅ ቆሎውን አስቀምጦ መጽሐፉን ከእጄ ወሰደ።

ብዙ ጊዜ የፈጀብኝ የብሉይ ኪዳኑ ነው። በኢሳይያስ 45 እግዚአብሔር ከእኔ በቀር ሌላ አምላክ የለም፣ ጉልበት ሁሉ ለእኔ ይንበረከካል ይላል። ጳውሎስ በፊልጵስዩስ 2 ያንኑ መንበርከክ ለኢየሱስ ስም ሰጠው። የኢሳይያስን መጽሐፍ የሚያውቅ አይሁዳዊ ይህን በዘፈቀደ የሚጽፈው አይደለም።

ከዝርዝሬ ሸሽጌያቸው የነበሩ ጥቅሶችም ነበሩ፤ አሁን የምጀምረው ከእነሱ ነው። ወልድን ፍጡር ነው ያለው አርዮስ ይመረኮዝበት የነበረው «የፍጥረት ሁሉ በኩር» የሚለው የቆላስይስ ቃል ያስፈራኝ ነበር። ነገር ግን መዝሙር 88 (በሌላው አቆጣጠር 89) የእሴይን የመጨረሻ ልጅ ዳዊትን በኩር አደርገዋለሁ ይላል፤ ስለዚህ ቃሉ ሹመትንም ይናገራል። በቆላስይስ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ደግሞ ሁሉ በእርሱ ተፈጠረ ይላል። «አብ ከእኔ ይበልጣል» የሚለውንም ከፊልጵስዩስ 2 ጋር፣ የባሪያን መልክ ይዞ ራሱን ካዋረደው ጋር አያይዤ አነበዋለሁ።

የእህቴ ልጅ በሚቀጥለው ቅዳሜ ማርቆስ 13፥32ን፣ ወልድም ያችን ቀን አያውቅም የሚለውን ይዞ መጣ። «የኔታ ጋ አብረን እንሂድ» አልኩት። ሄድን፤ የኔታ ገና ከበር ሳሉ፣ «31ን አንብባችኋታል?» አሉን።