የደሴት ታሪክ ትርጉሜ፣ ሶስተኛ ወር፦ ሻጋታው ላይ ደርሻለሁ

ሰላም ወገን፣ ባለፈው የድሮ የአሜሪካ ጀብዱ መፅሄቶችን ማንበብ ጀመርኩ ብያችሁ ነበር አይደል፣ እነዛ ከእንጨት ፐልፕ በተሰራ ርካሽ ወረቀት ይታተሙ የነበሩት፣ አርጎሲ የሚባለው መፅሄት በ1896 መንገዱን የከፈተላቸው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ሁለተኛው ወር ላይ የኤድጋር ራይስ ባሮውስን የካፕሮና ታሪክ ጨረስኩ፣ ብሉ ቡክ የሚባል መፅሄት ላይ በ1918 በሶስት ክፍል የወጣው፣ ካፕሮና ዙሪያዋን ገደል የሆነች ደሴት፣ ሰርጓጅ መርከብ በውሃ ስር ወንዝ ሾልኮ ይገባና ከዛ በኋላ ዳይኖሰር በዳይኖሰር ነው። ደስ ብሎኝ አነበብኩት ግን ሌሊት ከእንቅልፌ አላባነነኝም።

ያባነነኝ እዛው መፅሄት ላይ በ1907 የወጣው የዊልያም ሆፕ ሆጅሰን አጭር ታሪክ ነው፣ እኔ «በሌሊት የተሰማው ድምፅ» ብየዋለሁ። ሆጅሰን ገና በልጅነቱ መርከብ ላይ ተቀጥሮ ዓመታት ባህር ላይ የኖረ ሰው ነው፣ በ1918 አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ቤልጂየም ውስጥ ሞተ። ታሪኩን ልታነቡት የምትፈልጉ ከዚህ በታች እንዳታዩ።

ነፋስ የለም፣ መርከቧ ሰሜን ፓስፊክ መሀል ቀጥ ብላለች፣ ድቅድቅ ጨለማ፣ ከጭጋጉ ውስጥ ድምፅ ይጣራል። በጀልባ የመጣ ሰው ነው፣ ምግብ ይለምናል፣ ፋኖስ ሲያወጡ ግን እየቀዘፈ ይሸሻል። ደሴቷ ላይ የተራበች እጮኛ አለችው። ምግቡን በእንጨት ሳጥን ውሃው ላይ ይለቁለታል፣ ወስዶላት ይመለስና ብርሃን ለምን እንደሚሸሽ ይነግራቸዋል።

መጀመሪያ የያዘኝ «አንተ» ነው ወይስ «እርስዎ» የሚለው ነው፣ እንግሊዝኛው በአንዲት «ዩ» ያልፈዋል፣ እኛ ጋ ግን ፊቱ የማይታይ ሰው ምን ይባላል? አሁን መርከበኞቹ መጀመሪያ «ማነህ አንተ!» ይሉታል፣ ስለ ልጅቷ ከነገራቸው በኋላ «ወንድሜ» ይሉታል።

ቀጥሎ ደሴቷን የወረሳት ነገር፣ እንግሊዝኛው «ፈንገስ» የሚለው። እንጉዳይ ብዬ አስር ገፅ ሄጄ ነበር፣ ሲነበብ ግን ወጥ ወጥ ይሸታል፣ ሁሉንም ሰርዤ ሻጋታ አልኩት። የመሶብ ክዳን ከፍቶ ያን ግራጫ ፀጉራም ነገር እንጀራ ላይ ያየ ሰው ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም። ሰውየውና እጮኛው ተጥሎ ያገኙት መርከብ ውስጥ የሚኖሩበትን ክፍል ይፈገፍጋሉ፣ ተመልሶ ይበቅላል፣ ከዛ አንድ ቀን እጇ ላይ ትንሽ ግራጫ ክብ ይታያል። ከሁሉ የከፋው ረሃቡ ሲጠና ነው፣ «ሻጋታው አማራት» ብዬ ስፅፍ እጄን ቀዘቀዘኝ፣ እነዚህን ሁለት ቃላት አንድ ላይ አይቻቸው አላውቅም።

አሁን የመጨረሻው አንቀፅ ላይ ነኝ፣ ሶስት ማታ ፈጅቶብኛል። ሊነጋጋ ሲል ጀልባው እየራቀ ተራኪው ለአፍታ ያየዋል፣ እንደ ስፖንጅ ያለ ግራጫ ነገር ወደፊት ይነቀነቃል፣ እጅና መቅዘፊያ የት እንደሚገናኙ አይለይም። እንግሊዝኛው እዚህ ጋ ሰውነቱን ይነጥቀውና «ነገር» ይለዋል። «ፍጡሩ» ብዬ ሞከርኩ፣ አውሬ መሰለብኝ፣ ይሄ ሰው እኮ ለሚወዳት ልጅ በጨለማ ወጥቶ ምግብ የለመነ ነው። «ነገሩ» ስል ደግሞ ጉዳዩ እንደማለት ሆነ። በመጨረሻ ባለቤቱን ጭራሽ ተውኩት፣ የኛ ግስ ሰውን ከእቃ አይለይማ፣ እና እንዲህ ሆኖ ቀርቷል፦ «እየተነቀነቀ ጭጋጉ ውስጥ ገባ።»